የአየርላንዱ ሰውዬ የክርስትና ስም

ይድረስ ለእህቴ ለስርጉት። ከነልጆችሽ እንዴት ከረማችሁ? እኔ ጉልበቴ ቢያስቸግረኝም በራሴ እግር እሄዳለሁ። ፊደሌም ቢንጋደድ ማንንም ጻፍልኝ አላልኩም።

እዚህ አሜሪካ፣ ማኪኒ በምትባል የቴክሳስ ከተማ፣ ከልጄ ከፍቅሩ ቤት ጀርባ፣ ስድስት የድሮ መቃብሮች አሉ። ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት ከአየርላንድ መጥቶ ባዶ ሜዳ ላይ የሰፈረ ሰውዬ ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ጋር ተኝቷል። መንገዱ በስሙ ይጠራል፤ ዘመድ ግን ዝር አይልም። ሳሩን የማጭደው እኔ ነኝ። ፍቅሩ፣ «አባዬ፣ ሲቲው ያጭደው የለ እንዴ!» ይለኛል፤ ማዘጋጃ ቤቱን ማለቱ ነው። አልሰማውም።

ባለፈው እሁድ ሰውዬውን ለፍትሐት ጸሎት ላስመዘግብ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

ቄሱ፣ «የክርስትና ስሙስ?» አሉኝ።

«ገብረ ማርያም» አልኩ፣ ሳላፍር።

«ክርስትና ያነሱት እርስዎ ነዎት እንዴ፣ አቶ ወልዴ?» ብለው ሳቁ።

«ሰው ከጠፋ ምን ላድርግ፣ አባ?»

አልጻፉትም፤ እኔ ግን ሳጭድ እጠራዋለሁ።

ይህን ሳጫውተው ፍቅሩም ሳቀ። የእኔን የክርስትና ስም ግን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩት።

ተክለ ሚካኤል ነው፣ ስርጉት። ባለቤቴ አየለች፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ታውቀው ነበር፤ አሁን የቀረሽው አንቺ ነሽ። ስሞት ቄስ ሲጠይቅ እንዳይጠፋ፣ ለልጆችሽ ንገሪልኝና ይጻፉት።

ጎረቤቱን ሁሉ በየስሙ ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ወልዴ