«ና» ያልኩት ለልጅሽ ነበር

ለእህቴ ለሜቲ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ሆድሽ ገፋ ወይ? እግርሽስ ማበጡን ተወ? የፌናን ትምህርት፣ የፊራኦል ሥራ፣ የአማትሽ ወገብ እንዴት ነው? እኔ ከምላሴ በቀር ደህና ነኝ። በስልክ ልነግርሽ እየፈለግኩ፣ እያፈርኩ በሌላ ወሬ ስለሸፋፈንኩት ይኸው ጻፍኩልሽ።

ኢምፔሪያል ሰፈር ያለው የጭነት መሥሪያ ቤታችን ባዶ መኪና አይመለስም የሚል ደንብ እንዳለው አውርቼልሻለሁ። ባዶውን የሚመለስ መኪና ነዳጅ ፈጅቶ ጭሱን ብቻ ነው ይዞልን የሚመጣው። ሰኞ ጠዋት ከሥራ አስኪያጁ ከአቶ ስብሓት እስከ ጥበቃው ድረስ ግቢው ውስጥ ክብ ሠርተን እንቆምና፣ ነዳጅ ያባከነ ሰው «የእኔ ነው» ይላል። አይሰደብም፣ አይቀጣም፤ እንዳይደገም ይመከርበታል፣ አለቀ። አቶ ስብሓት ራሳቸው ሞተር ሳያጠፉ ሻይ ሲጠጡ ተገኝተው «የእኔ ነው» ብለዋል፤ እንዴት እንደሳቅን!

እና ያን ቀን የሆድሽ ልጅ ወንድ መሆኑን ስትነግሪኝ፣ በአንዱ ጆሮዬ አንቺን፣ በሌላው በቢሮው ስልክ ሾፌራችንን ባይሳን ይዤ ነበር። አዳማ ቆሞ፣ የመልሱ ጭነት ስለዘገየ ልጠብቅ ወይስ ልምጣ ይለኛል። እኔ ለሆድሽ «ና የኔ ጌታ! ና! ና!» እያልኩ እጮሃለሁ። ባይሳ ሰማና መጣ። ባዶውን!

ሰኞ ስለ ባዶው መኪና ሲጠየቅ ወደ እኔ ዞር አለ። እኔ፣ አፌ የማይዘጋው ሴትዮ፣ ጫማዬን አየሁ። ትንሽ ጠበቀኝና «የእኔ ነው» አለ። ሜቲ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሳምንቱን ሙሉ እትዬ ጫልቱ ብሎ ሰላም ባለኝ ቁጥር ስሸማቀቅ ሰነበትኩ።

በሚቀጥለው ሰኞ በኤሌክትሪክ የምትሠራው አዲሷ መኪና ነዳጅ ላላባከነ ሾፌር ልትሰጥ ነበር። ሁላችንም የባይሳ ናት ስንላት የቆየናት መኪና ቁልፏ በዚያ ባዶ ጉዞ ሰበብ ወደ ሌላ ሰው እጅ ሲሄድ አላስቻለኝም። «የእኔ ነው፣ የእኔ ነው!» ብዬ ስለ «ና»ውም ሁሉንም ዘረገፍኩት። ማንም አልተቆጣኝም፤ እሱ ነው የባሰብኝ። ቁልፉ ለባይሳ ተሰጠ፤ ከእንግዲህም የሰሌዳ ቁጥር ሳይጠራ በስልክ «ና» እንዳይባል ተስማማን።

ባይሳን ለምን ዝም አልክ ስለው፣ «ደርሼ የእህትሽን ምሥራች ስሰማ ነገሩ ገባኝ፤ በደስታሽ ላይ ምን ብዬ ልናገር» አለኝ። ይኸው እስካሁን ፊቴ ይግላል።

ፊራኦልን ሰላም በይልኝ፤ የአማትሽን ጉልበት፣ የፌናንን ሁለት ጉንጭ ሳሚልኝ። ምጥሽ ሲመጣ የሥራ ሰዓትም ቢሆን ይደወልልኝ። ብቻ ጌታዬ የሰሌዳ ቁጥር የለውምና፣ «ና» እንድለው ስሙን ቶሎ አውጡለት።

እህትሽ ጫልቱ
ሰሚት፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.