ሐሙስ ሊቃጠሉ ስለተፈረደባቸው ሠላሳ አሻንጉሊቶቼ

ለተከበሩ አቶ ሙሀመድአሚን አብዶ
የሰፈራችን የመዝናኛ ሥነ ምግባር ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ከሚሴ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነትና የቤተሰብዎን ደኅንነት እጠይቃለሁ፤ እንዲሁም ከመሐል ጣት የማይረዝሙ ሠላሳ አንድ አሻንጉሊቶችን በአንድ ካርቶን ለሁለት ተሸክመው ሲወጡ ወገባቸውን ይዘው ያየኋቸው የኮሚቴው አባላት ተሽሏቸው እንደሆነ በአክብሮት መስማት እወዳለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ቤቴም በእናንተ ድካም ሰፋ ብሏል፤ ባዶውን የቆመውን መደርደሪያ ለመወልወል አሁን አንድ ጨርቅና ሁለት ደቂቃ ይበቃኛል።

በፖስታ አሽጌ ያቀረብኳቸው ሁለት ማመልከቻዎች መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ኮሚቴው የታሸገ ነገር ማንበብ አይወድ ይሆናል ብዬ ይህን ሦስተኛውን በሱቄ መስታወት ላይ ለጥፌዋለሁ። ለማያውቁኝ መንገደኞች፣ ዓዲላ ኑርሁሴን እባላለሁ፤ በመናኸሪያው አቅራቢያ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አሻንጉሊት እሰበስባለሁ። አሻንጉሊቶቼ ተራ አሻንጉሊቶች አይደሉም። እያንዳንዳቸው እግራቸው ሥር ትንሽ ቺፕ አለቻቸው፤ በሚያበራው ሳህን ላይ ሲቆሙ ሳህኑ ከማጫወቻው ጋር ስለተገናኘ በቴሌቪዥኑ ጨዋታ ውስጥ ይነሣሉ፣ ይሮጣሉ፣ ይዋጋሉ። ያለፉትን ደረጃና የተሰጣቸውን ስም ሁሉ እዚያችው ቺፕ ውስጥ ይዘው ይቀመጣሉ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ያገኘኋቸው ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ፣ የቤቱ ልጆች አድገው ሲንቋቸው እመቤቲቱ ልትጥላቸው ካወጣችው ካርቶን ነው። የቀሩትን ከባቲ ሰኞ ገበያ ከሰልባጅ ጫማ መሐል፣ ከደሴም ከአዲስ አበባም በዘጠኝ ዓመት አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። እወዳቸዋለሁ። ይህን ለመናገር የማንንም ፈቃድ አልጠየቅሁም።

ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ኮሚቴው ነገር የማጣራት ችሎታው አስደንቆኛል። የጥበቃ ባልደረባችሁ በድሩ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመስኮቴ አጮልቆ ያየውን በጽሑፍ አስፍሯል። ስምንት ሕፃናት ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ መሐላቸው አረንጓዴ የሚያበራ ሳህን አለ፤ ቀንድና ክንፍ ያላቸው ነገሮች ተደርድረዋል፤ ፈንዲሻ ተበትኗል፤ ልጆቹም በአንድ ድምፅ «ሴኒ! ሴኒ!» እያሉ፣ በኦሮምኛ ግባ ግባ ማለታቸው ነው፣ የማይታይ እንግዳ ይጋብዛሉ፤ ወዲያው ቀንዳሙ ነገር ቴሌቪዥኑ ውስጥ ገብቶ ሮጠ። በድሩ አንድም ቃል አልዋሸም። በእኛ አገር ክብ ሠርቶ መቀመጥና የተበተነ ፈንዲሻ አንድ ላይ ሲታዩ ከዛር ሌላ የማይመጣለት ሰው ብዙ ስለሆነ አልፈርድበትም። ዐሥራ አንድ አባላት ያሉት ኮሚቴ ግን አንድ ሰው ልኮ በሬን በማንኳኳት ፈንታ፣ «ሰይጣን በሳህን አቅርባ ወደ ቴሌቪዥን ታስገባለች» ብሎ በሙሉ ድምፅ መወሰኑ የሥራ ፍጥነቱን ያሳያል። ለመዝገቡ ያህል፣ ፈንዲሻውን የበተነችው ሰልማ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ የበተነችውም ዘንዶው ብቅ ሲል ደንግጣ ትሪውን ስለደፋችው ነው።

ሁለተኛ፦ በእኔ ላይ የተላለፈውን ውሳኔ እንድተይበው ለእኔው ስለላካችሁልኝ አመሰግናለሁ። ያን ቀን መብራት የነበረው በእኛ መስመር ብቻ ስለሆነ በድሩ የእጅ ጽሑፉን ይዞ መጣና፣ ምን እንደተሸከመ ሳያውቅ፣ «ዓዲላ፣ ቶሎ በይልኝ፣ ሰብሳቢው ቆመው ነው የሚጠብቁኝ» አለኝ። እያነበብኩ ተየብኩት። የአባቴን ስም አሳስታችሁ ስለነበር አስተካከልኩ። የቤት ቁጥሩም የእኔ ሳይሆን የጎረቤቴ የወይዘሮ አሻ ሆኖ ስላገኘሁት ትክክለኛውን አስገባሁ፤ ባላደርገው ኖሮ የእኚያን ምስኪን ሴት የእህል ጎተራ ስትበረብሩ ትውሉ ነበር። በማግስቱ ቤቴን ሳትጠያየቁ ያገኛችሁት በእኔ ትጋት መሆኑን ኮሚቴው በምስጋና እንዲይዝልኝ እጠይቃለሁ። ሥራዬን አከብራለሁ፤ እናንተም የእናንተን ብታከብሩት ደስ ይለኝ ነበር።

ሦስተኛ፦ በውሳኔው ላይ «ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች ብዙ ዘመን ያለፋት ሴት በመጫወቻ መጠመዷ ለሰፈሩ ልጃገረዶች መጥፎ አርአያ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ዕድሜዬን ስላስታወሳችሁኝ አላህ ይስጥልኝ፤ ረስቼው አልነበረም። የባጃጁን ጣሪያ፣ ወንበርና መስታወት ሳይቀር በባሕር ማዶ የእግር ኳስ ቡድን ቀለም ያለበሰ፣ ቡድኑ ሲሸነፍ እራት የማይበላ ጎልማሳ ግን በኮሚቴያችሁ ውስጥ አባል ሆኖ ተቀምጧል። በእሱ አልቀናም፤ ደስታው የራሱ ነው። የእኔ ደስታ ብቻ ለምን ስብሰባ እንደተጠራበት ነው ያልገባኝ።

አራተኛ፦ ዕቃዬን ልትወስዱ በመጣችሁ ቀን ዳኝነት እንዲሰጡ ራሳችሁ በባጃጅ ያመጣችኋቸውን አዛውንት፣ ሐጂ አብዱልጀባርን፣ ስለማዳመጣችሁ ላመሰግን ነበር፤ ቃለ ጉባኤውን ሳየው ግን «ሐጂ ተገኝተው ዱዓ አድርገዋል» ከማለት በቀር የተናገሩትን አላገኘሁም። ስለዚህ እኔ ልጻፍላቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው ከአሻንጉሊቶቹ አንዷን፣ ዔሊዋን፣ ገልብጠው አዩ፣ እንደገና አቀኗትና፣ «ወላሂ ይኼማ የልጅ መጫወቻ ነው፤ እንኳን ጂኒ እኔም በዚህ ሙቀት ላስቲክ ውስጥ አልገባም» አሉ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ እርስዎም፣ አቶ ሙሀመድአሚን፣ ስቀው ነበር። ከዚያ አፍዎን ጠርገው ካርቶኑ ይታሸግ አሉ። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ የሚባለው ለዚህ ነው።

አምስተኛው የሚያስቅ ስላልሆነ እዚህ ላይ ቀልዴን አስቀምጣለሁ።

ከሠላሳ አንዱ መሐል አንድ ቀንዱ የተሰበረ ቀይ በሬ አለ። የወንድሜ የከማል ነው። ከማል ኩላሊቱን ታሞ ዓመት ከመንፈቅ ሲተኛ፣ ከአልጋው ሆኖ የሚጫወተው በዚህ በሬ ነበር። ሜዳ ያጣ በሬ ነው፣ ሜዳ ልስጠው ብሎ በከሚሴ አጠገብ ባለው የግጦሽ ሜዳ ስም «ጨፋ» አለው። ሲያመው ያቆማል፣ ሲሻለው ይጀምራል፤ እኔ ሱቅ ዘግቼ ስመጣ የት እንደደረሰ ያሳየኛል። ጨዋታው ሃያ ደረጃ አለው። ከማል ዐሥራ ዘጠኙን ጨርሶ ሞተ። በሬው አንዲቷን ደረጃ ይዞ ሁለት ዓመት መደርደሪያዬ ላይ ቆመ። ሰው ሲናፍቀው ፎቶ ያያል፤ እኔ ሳህኑ ላይ አቆመውና ወንድሜ ጥሎት በሄደበት ቦታ ቆሞ ሲተነፍስ አየዋለሁ። ሐሙስ ከየቤቱ ከወረሳችሁት የሺሻ ዕቃ ጋር ልታቃጥሉት ያሰባችሁት ይህን ነው። የት ሌላ ይገዛል እንዳትሉኝ፤ በሬው ይገዛ ይሆናል፣ ከማል ያለፈበት መንገድ ግን ያለው በዚህኛው እግር ሥር ብቻ ነው። ይህንንም በሁለቱም ማመልከቻዎቼ ላይ በግልጽ ጽፌ ነበር።

ስድስተኛ፦ ባለፈው ዓርብ «ለመልካም ፈቃድ ምልክት» ብላችሁ ዔሊዋን መልሳችሁልኛል። ሠላሳ አንድ ወስዶ አንድ መመለስ እውነትም ትልቅ ፈቃድ ነው። ማጫወቻዬንና ሳህኔን ወስዳችሁ ስለነበር ዔሊዋን ዝም ብዬ እንደማስቀምጣት ገምታችሁ ይሆናል፤ ሰብሳቢ ሰው ግን ትርፍ ይይዛል፣ የእኔም ሁለተኛ ማጫወቻ ከነሳህኑ ዕቃዬን በወሰዳችሁ ቀን ደሴ ጥገና ላይ ነበር። አምጥቼ ዔሊዋን አቆምኳት። ከቤቴ ስትወጣ አራተኛ ደረጃ ላይ ነበረች፤ ከኮሚቴው መጋዘን የተመለሰችው ዐሥራ አንደኛ ደርሳ፣ አዲስ ጋሻና መዶሻ ገዝታ ነው። ስሟም ተቀይሯል። በላቲን ፊደል «ሰብሳቢ» ይላል።

በኮሚቴው ውስጥ ሰብሳቢ የሚባል ሰው ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ ማንንም አልጠረጠርኩም። ቁልፉ በማን ኪስ እንደሚውል የሚያውቀው ኮሚቴው ነው። ሰይጣን ታስገባለች የተባልኩት ሴት ማለት የምችለው፣ ሰይጣኑ በእናንተ እጅ ከገባ ወዲህ በጣም እንደጎበዘ ብቻ ነው።

እንግዲህ ካፈርኩ አይመልሰኝ፤ የመጣሁበትን ልናገር። ሐሙስ እሳቱ በሚነድበት ሜዳ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እገኛለሁ። ቴሌቪዥኔን በባጃጅ ጭኜ፣ ከጎረቤት ጄኔሬተር ተውሼ፣ ስምንቱን ልጆች ከነወላጆቻቸው፣ ፈንዲሻውንም በጆንያ ይዤ እመጣለሁ። ሐጂ አብዱልጀባር ወንበር ከተዘጋጀላቸው እንደሚመጡ ቃል ሰጥተውኛል፤ ወንበራቸውን አዘጋጅቻለሁ። ምንጣፋችንን በእንጨቱና በካርቶኑ መሐል እናነጥፋለን። ከፈለጋችሁ እኛን ዞራችሁ ለኩሱት። ካልፈለጋችሁ ካርቶኑን ክፈቱና ሠላሳውን አንድ በአንድ ቆጥራችሁ አስረክቡኝ፤ መረከቢያውን ቅጽ ተይቤ ጨርሻለሁ፣ የእርስዎ መፈረሚያ ቦታ ብቻ ነው ባዶ የቀረው። አልተነሣም፤ ልጆቹም አይነሡም።

ለሰፈራችን ሥነ ምግባር እንቅልፍ አጥታችሁ ለምታደርጉት ጥበቃ፣ በተለይም ዕቃዬን ከአቧራ ብቻ ሳይሆን ከሥራ ፈትነትም ስለጠበቃችሁልኝ፣ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ አላህ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለኮሚቴው አጭር ስብሰባ እንዲሰጥ የምለምን፣

የሚከተለውን የኮሚቴ ደብዳቤ ለመተየብም ሁልጊዜ ዝግጁ የሆንኩ፣

ዓዲላ ኑርሁሴን
የጽሕፈትና ኮፒ አገልግሎት፣ ከሚሴ

ግልባጭ፦
ለሐጂ አብዱልጀባር
በመስታወቴ ፊት ለሚያልፍ ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ ይህ የመጨረሻው አንቀጽ በመጋዘኑ ውስጥ ለሚጫወተው ሰው ብቻ ነው፤ ማንም ይሁን። እስከ ሐሙስ ድረስ በሃያ ዘጠኙ እንደ ልብህ ተጫወት፤ ሦስተኛው ድልድይ ላይ ከተቸገርክ መዝለያውን ሁለቴ ተጫን። ቀዩን በሬ ግን ሳህኑ ላይ አታቁመው። አቁመኸው ከሆነና ማሽኑ «የቀድሞው ባለቤት ይጥፋ?» ብሎ ከጠየቀህ፣ አይ በል። ሃያኛዋንም ደረጃ እንዳትነካት። ሞት ወንድሜን እሷን ሳያስጨርስ ወሰደው፤ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ልጨርሳት አልደፈርኩም፤ አንተ ማነህ?