የግድግዳዋ የበረዶ ዶማ

እንደ እናት ላሳደግሽኝ እትዬ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣቱን ፈቀደልሽ? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም እየደበቅሽን ነው? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ልቤ ግን መቀመጫ አጥቷል። ስልክሽን የሚያነሳው ልጅሽ ስለሆነ ነው በወረቀት የመጣሁብሽ። ነገ ወደ እናንተ የምትመጣው የባልደረባዬ ሚስት በእጅሽ ትሰጥሻለች።

አምና ለጦጣው ልጅሽ፣ ከፍ ያለ ነገር ካየ ሳይወጣ ለማያድረው፣ የላክሁለትን የበረዶ ዶማ ታውቂያታለሽ፤ ተራራ ወጪዎች በረዶ ላይ እየተከሉ የሚወጡባት፣ ረጅም የእንጨት እጀታ ያላት። እኛ ሥራ ቤት የሚታደሰው እንዲህ ያለ አሮጌ ዕቃ ነው፤ ዝገቱን እንፍቃለን፣ እንጨቱን አለስልሰን የተልባ ዘይት እናጠጣለን፣ ሰውም ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ ይሰቅለዋል። ለእሱም ስልካት ለግድግዳ ናት ብዬ ነው። እንዳማረችማ አልክድሽም፤ ከእጄ ከወጣው ሁሉ እንደ እሷ የምወደው የለም።

ባለፈው ሳምንት ልጅሽ ደውሎ በወሩ መጨረሻ ከጓደኞቹ ጋር በረዷማ ተራራ ሊወጣ እንደሆነ፣ እሷንም እንደሚይዝ ነገረኝ። ተው፣ እሷ ጌጥ ናት፣ እጀታው ብረት የሆነ አዲስ እኔ እገዛልሃለሁ አልኩት። ሳቀብኝ።

«አጎቴ፣ አንተ የሠራኸው ይሰበራል እንዴ?» አለኝ።

እትዬ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት መንታዋን አወረድኳት። ሁለቱም የአንድ ሽማግሌ ተራራ ወጪ ነበሩ፤ አንዷ ወደ እናንተ ስትመጣ አንዷ እዚህ መደርደሪያ ላይ ቀርታለች። ብረቷን ሞርሳ በምንለው የብረት መንከሻ አጥብቄ እጀታዋን በሁለት እጄ ሳብ ባደርገው እንደ ጭራሮ ቀጭ አለች። ብረቱ እንጨቱን የሚይዝበት ቦታ ውስጥ ለውስጥ በስብሶ ጠቁሯል። ከላይ ዘይቷን ጠጥታ ታበራለች፣ ውስጡን ለቄስ። አለቃዬ አይቶ፣ አንዷ ተሰበረች ማለት ሌላዋም ትሰበራለች ማለት አይደለም፣ ደህና ትሆናለች አለኝ። ትሆን ይሆናል። እኔ ግን በ«ይሆናል» የእህቴን ልጅ ገደል ላይ አላንጠለጥልም።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። በሌላ ሰው ልጅ ሲሆን መተረት ይቀላል። መንታዋ ተሰበረች ብዬ ብነግረውም ያው ይስቅብኛል። ደብቂያት እንዳልልሽ ያንን ቤት ከአንቺ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ስለዚህ ከአናጺው ጎረቤትሽ መጋዝ ተዋሺና፣ እሱ ሥራ ሲሄድ እጀታዋን ከመሃል ቁረጪልኝ። አምራለች ብለሽ እጅሽ እንዳይሳሳ። ማን ቆረጣት ካለሽ አጎትህ በይው። ይቆጣኝ፣ ይጥላኝ፣ ዓመት ሙሉ ስልኬን አያንሳ፤ በሕይወት ያለ ሰው ይታረቃል።

ለጋሼ ሰላም በይልኝ፤ ወገቡን ሳያሳርፍ ዕቃ እንዳያነሳ። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። አናጺውንም ስለ መጋዙ አመስግኚልኝ። ለጦጣው ሰላምታዬን የምትነግሪው ግን ከቆረጥሻት በኋላ ይሁን።

ታናሽ ወንድምሽ
ከሥራ ቤቴ፣ ጥቅምት ፱ ቀን