ቀይ መስመር፣ ጥቁር መስመር

ለምወድህ ለእናቴ ልጅ፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለው? ባለቤትህ፣ ሚጢጢዋ ልጅህ፣ አማትህስ እንዴት ናቸው? እኔ ከተሰነጠቀ ቅንድቤ በቀር ደህና ነኝ። አትደንግጥ፤ ሁሉንም በተራው እነግርሃለሁ።

በፋብሪካችን ሚዛን ክፍል ግድግዳ ላይ ስላለው ሰሌዳ ስንት ጊዜ ጽፌልሃለሁ። ከእኛ አገር በየዓመቱ ወደ ውጭ የሚላከው የወረቀት መሥሪያ የእንጨት ፐልፕ በጥቁር፣ አንተ ሄደህ እንዲሁ ፋብሪካ ከምትሠራበት አገር የሚላከው በቀይ ይሰመራል። አስማሪዋ ሌላ ሳትሆን እኔው ነኝ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ቀዩ የእኛን እጥፍ ነበር፤ ዓመት በዓመት እየተጠጋን መጥተን አምና አንገት ለአንገት ተናነቅን።

አንተ ደግሞ ነገረኛ! ዘንድሮ ጭነታችን በዝቷልና ጥቁር ቀለማችሁን አስቀምጡት ብለህ ጻፍክልኝ። እኔ ሞኟ እልህ ይዞኝ ደብዳቤህን በምሳ ሰዓት ለሠራተኛው ሁሉ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ተሳሳቅን። ካቦው ግን አልሳቀም። በማግስቱ የግንድ መክተፊያውን የብረት ክዳን አስፈታው፤ መክፈትና መዝጋቱ ጊዜ ይበላል አለ።

በአራተኛው ቀን ጉንጬ፣ ያ ስለ ቀልዱ የምጽፍልህ፣ መክተፊያው ላይ የሚሠራው ጎረቤቴ፣ የተቀረቀረ ቅርንጫፍ ሊያወጣ እጁን ሰደደ። ማሽኑ እስከ ክርኑ በላው። ጩኸቱን ሚዛን ክፍል ድረስ ሰማሁት። ስደርስ ደሙ በተከተፈው እንጨት ላይ ይንፎለፎላል። እኔን! ክንዱን በሻርፔ አስሬ ቀና ስል፣ ካቦው ማሽኑን እንዳታቆሙ እያለ ይጮሃል። ዛሬ ከቆምን ቀዮቹ ይበልጡናል ይላል። ቀዮቹ ማለት እናንተ ናችሁ፤ ቀዮቹ ማለት አንተ ነህ።

ደሜ ፈላ። የጭነት መንጠቆውን አንስቼ አፉን አልኩት፤ ሁለት ጥርሱ መሬት ወደቀ። ከዚያማ ማን ማንን ይያዝ! ሠራተኛው መስኮቱን ሁሉ አረገፈው፣ ዘበኞቹ በዱላ ገቡብን፤ ቅንድቤን የሰነጠቁኝ ያኔ ነው። ሰሌዳውን ራሴ አውርጄ በመጥረቢያ ፈለጥኩት። ስለ ጥርሱ ሰኞ ፍርድ ቤት እቀርባለሁ፤ ለእሱስ አልጸጸትም። ጉንጬን ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረብኝ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ዋናውን ስማኝ። ካቦው ያንን ዘዴ ከየት እንዳመጣው የገባኝ ትናንት፣ ደብዳቤህን ደግሜ ሳነበው ነው። መጨረሻው ላይ፣ የእናንተ አለቃ እኛ እንዳንደርስባችሁ የመክተፊያውን ክዳን እንዳስፈታና አንተንም ወደዚያው ማሽን እንዳዛወረህ በቀልድ ጽፈሃል። እሱንም ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ። ስቄበታለሁም፤ አፈር ልብላ! ያ ደብዳቤህ ከደረሰኝ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጻፍኩልህ፤ መልስ የለም።

ወንድሜ፣ ክዳኑ ካልተመለሰ ማሽኑን እንዳትጠጋው። ቢያባርሩህ ያባርሩህ። እኛ ሺህ ቶን እንብለጣችሁ፤ አንተ ብቻ በሙሉ አካልህ ኑርልኝ።

ባለቤትህን አቅፈህ ሳምልኝ። ሚጢጢዋን ግንባሯን፣ አማትህን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። መልሱን ራስህ ጻፈው፤ በስልክ አታስነግር፣ ባለቤትህም እንዳትጽፍልህ። የእጅህን ጽሕፈት ካላየሁ ማንንም አላምንም።

እህትህ
ከሠራተኞች መኖሪያ፣ ክፍል ዘጠኝ
ጥቅምት ፲፩ ቀን