ስድስት መቶ ላይ የተተወው ሬንች

ይድረስ ለታላቁ ወንድሜ፣

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጎንህን መውጋቱ ተወህ? ሚስትህስ፣ ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ማለቴ፣ አልታመምኩም። ስልኬን ባታነሳም ደብዳቤ ሳታነብ እንደማትጥል አውቃለሁ። አንተ የመድኃኒት ወረቀት እንኳ እስከ መጨረሻው የምታነብ ሰው ነህ።

የምጽፍልህ ከጋራዡ ዕቃ ክፍል፣ በሩ ከሚታይበት መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ ነው። አስራ አራት ቁጥር አውቶቡስ ሰባት ሰዓት ላይ መግባት ነበረበት። አሁን ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። የሾፌሩ ስልክ አይሠራም። አለቃ በራሱ መኪና ሊፈልገው ወጥቷል፤ እኔን ከዚህ ንቅንቅ እንዳትይ ብሎኛል። ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ቶርክ ሬንቹን፣ ብሎን በሞላንለት ቁጥር ልክ ሲጠብቅ ቀጭ የሚለውን፣ የገዛህ ቀን ትዝ ይልሃል? ሻጩ የሚያብረቀርቀውን ሲያቀርብልህ አንተ ቁጥሮቹን በጣትህ እየተከተልክ፣ እኛ ጎማ የምናጠብቀው በስድስት መቶ ነው፣ ስለዚህ ስድስት መቶ መሀል አካባቢ የሚውልበትን ስጠኝ፣ ጫፍ ላይ ያለ ቁጥር አላምንም አልከው። ሻጩ ሚስት እየመረጥክ ነው እንዴ ብሎ ሳቀብህ። ሚስት ስመርጥማ እንዲህ አልተጨነቅሁም ብለህ መለስክለት። ይህን ለሚስትህ እስከ ዛሬ አልነገርኩብህም።

ከዚያ ወዲያ ለእኔ ትእዛዝ በትእዛዝ ሆነ። የጠበቀ ብሎን አትፍቺበት። እጀታውን ብቻ ያዢ፣ ቀስ ብለሽ ሳቢ፣ አንዴ ቀጭ ሲል አቁሚ፤ ለማረጋገጥ ብለሽ አትድገሚ። እንዳይወድቅ፤ ከወደቀም ንገሪኝ፣ አልቆጣም። (ትቆጣ ነበር።) በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው። ከሁሉም በላይ ሥራ ስትጨርሺ እጀታውን ወደ ታችኛው ቁጥር መልሺው፣ ስፕሪንጉ ይረፍ፤ ተጨንቆ ከከረመ ይዋሻል። ይህን ሁሉ በቃሌ እወጣዋለሁ። ማድረጉ ላይ ነው የወደቅሁት።

አንተ ታመህ ሦስት ወር ስትተኛ ጎማ ክፍሉ በሌላ ሬንች ነበር የሚሠራው። ያንተን ከእኔ በቀር ማንም አልነካውም። አንድ እሁድ የጓደኛዬን ባል የጭነት መኪና ጎማ ላጠብቅለት ሳላስፈቅድህ ወሰድኩት። ስድስት መቶ ላይ አዞርኩት፣ ጎማውን አጠበቅሁ፤ ዝናብ መጣና ተጣድፌ እንዳለ ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት። ከዚያ ረሳሁት። ወንድም ጋሼ፣ ረሳሁት፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ድነህ ሥራ በገባህበት ቀን የስድስት ቁጥር አውቶቡስን ጎማ ያጠበቅኸው በእሱ ነው። በሁለተኛው ቀን ጎማው መንገድ ላይ ወልቆ ሄደ። የስድስት ቁጥር ሾፌር እስከ ዛሬ በክራንች ነው የሚሄደው። ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ ብለህ ስትምል ማን ሰማህ? ሕመምተኛ ነው፣ ክንዱ ደክሟል ተባለና ተሰናበትክ። እኔ አጠገብህ ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ አልገባኝም ብልህ ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ላለማሰብ ሥራ አበዛሁ።

ሬንቹ አለቃ ቁምሳጥን ውስጥ አምስት ወር ተቆልፎበት ከረመ። ባለፈው ሰኞ ያንተን ቦታ ለእኔ ሰጡኝ፤ ሬንቹንም ከነሳጥኑ። ደስ አለኝ፤ እሱንም ልናዘዝ። በአራት ቀን የአስራ አንድ አውቶቡሶችን ጎማ አጠበቅሁበት። ብሎኑ ከተንቀሳቀሰ መስመሩ ተሰብሮ ዓይን እንዲያየው፣ እንዳስተማርከኝ ከየብሎኑ እስከ ጎማው ብረት ነጭ ቀለም አሰመርኩ።

ዛሬ ጠዋት መሣሪያዎቹን በየዓመቱ የሚለካው ሰውዬ መጣ። ሬንቹን መለኪያው ላይ አስሮ ስድስት መቶ ላይ አዞረውና ሳበው። ቀጭ ሲል መለኪያው ያሳየው አራት መቶ ሰባ ነው። ሦስቴ ደገመው። ከዚያ መነጽሩን አወለቀና፣ ይሄ ለወራት ተጨንቆ የተቀመጠ ነው፣ ማነው እንዲህ ያደረገው አለ። አለቃ ዓይኑን ሳያሽ፣ የተባረረው ሰውዬ ነዋ፣ ሌላ ማን ይሆናል አለ። እኔ ነኝ አልኩ።

ከአስራ አንዱ ግቢ ውስጥ የነበሩትን አስሩን እዚያው አቆምናቸው። በለኪው ሬንች ስንደግማቸው ብሎኖቹ ገና ይዞሩ ነበር፤ እጄ ላይ ይሰማኛል። አስራ አራት ቁጥር ግን ሃምሳ ሁለት ሰው ጭኖ በማለዳ ወጥቷል።

ስጠብቅ እጄ ሥራ ቢያጣ የሬንቹን ሳጥን ከፈትኩ። ክዳኑ ላይ በእርሳስ የምትጽፈው አለ አይደል፤ ቀኑ፣ የአውቶቡሱ ቁጥር፣ ከዚያ ‹‹ተመልሷል››፣ እጀታው ወደ ታችኛው ቁጥር ማለትህ ነው። ወደ ታች ተከተልኩት። ድነህ በገባህበት ቀን አንድ መስመር በምላጭ ተፍቋል። እርሳሱ ጠፍቷል፤ እንጨቱ ላይ የቀረው ጭረት ግን አልጠፋም። ወደ ብርሃኑ አዘንብዬ አነበብኩት። ስድስት መቶ ላይ አገኘሁት ይላል።

የሳጥኑ ቁልፍ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ ያንተ ነበር፣ ሌላው የእኔ።

ለምን እንደፋቅኸው አልጠይቅህም። መልሱን የምችልበት ጉልበት የለኝም።

ነገ ሁሉንም በጽሑፍ አቀርባለሁ። ያባርሩኝ ይሆናል፤ ያባርሩኝ። ልጆቹን ሳምልኝ። እግዚአብሔር ጎንህን ይጠግንልህ፣ ቤትህን ከክፉ ይጠብቅልህ፤ ለእኔም ያን በር ዛሬ በደህና ያስከፍትልኝ።

እጇን ይዘህ ያስተማርካት
ታናሽ እህትህ

ሳላሽገው፦ አስራ አራት ቁጥር አስራ አንድ ሰዓት ላይ እየተንፏቀቀ ገባ። ከኋላ የሆነ ነገር ሲንኳኳበት ሾፌሩ በእግር ጉዞ ፍጥነት ነው ያመጣው፤ ስልኩ ባትሪ ጨርሷል። ሰው ሁሉ በእግሩ ወረደ። የኋላ ግራ ጎማ ላይ ከአስሩ ብሎን ሁለቱ የሉም። በቀሩት ላይ አንድም ያልተሰበረ መስመር አላገኘሁም። ተንበርክኬ ስቆጥር ከፍለጋው የተመለሰው አለቃ አጠገቤ ቆሞ ነበር።

ከዚያ ሬንቹን ጠርጌ ወደ ታችኛው ቁጥር መለስኩት። ክዳኑ ላይ፣ ከፋቅኸው መስመር ሥር፣ የተውኩት እኔ ነኝ ብዬ ጻፍኩ። በእርሳስ አይደለም፣ በነጩ ቀለም ነው።