ቆጣሪው ያሳበቀብኝ ዕለት

ታኅሣሥ 26

ዛሬ ደስ ብሎኝ ነበር የዋልኩት። ለገና ከሰቆጣ በእግራቸው የመጡ ተሳላሚ እንግዶች ቤቴን ሞሉት። በኤሌክትሪክ ምድጃው ባሞቅኩት ውኃ የአንዲት እናትን እግር ሳጥብ ልጄ ከደሴ ደወለ። እጄ እርጥብ ስለሆነ ስልኩን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግሁት። መብራት ያስቆጥብሻል ብሎ ያስገባልኝ አዲሱ ቆጣሪ ለካ የማበራውን ሁሉ እሱ ስልክ ላይ ያሳየዋል።

«እማዬ፣ ምድጃው ከጠዋት ጀምሮ አልጠፋም። ደግሞ እንግዳ ሰበሰብሽ?»

«ለልደት የመጡ ናቸው እኮ፣ ልጄ።»

«ሌላ ቤት ይሂዱልሽ።»

እናትዬዋ ሰምተው ኖሮ እግራቸውን ቀስ ብለው ከሳፋው አወጡ። «ይበቃኛል ልጄ፣ ለእኛ ቀዝቃዛውም ደግ ነው» አሉኝ። ቆጣሪውስ ዕቃ ነው፣ ያሳብቅ። የገዛ ልጄን ግን ምን ልበለው? ልጅ ሳለ ለእንግዳ እግር ውኃውን የሚያቀብለኝ እሱ ነበር።