አቼቶ የሸተተው ፊልም

ማክሰኞ፣ ጁላይ 8፣ ከቀኑ 9 ሰዓት
ከዲኤፍደብሊው ኤርፖርት ሺፍት መልስ። የሻትል ባሱን አስረክቤ ቀጥታ ወደ ቤት። ጋራዡ ምድጃ ነው። የኤሲ ማጣሪያ ስፈልግ አቼቶ ሸተተኝ። የተደፋ ነገር የለም። ሽታው ከአባዬ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ደሴ ፎቶ ቤት ሳለው ያነሳቸው ኔጋቲቮች፤ እሱ ሲሞት እናቴ እኔ ጋ ይዛቸው መጣች። ከፈትኩት። ዓይኔን አቃጠለኝ። ፊልሙ ተጨማዷል። እናቴ ደርሳ ዝጋው አለችኝ። አየር እንዳይነካው ብላ ነው ዓመታት ሙሉ ጥርቅም አድርጋ ያኖረችው። ዘጋሁት። ለልጄ ለሃያት ቴክስት አደረግኩላት።

ረቡዕ፣ ጁላይ 9፣ አመሻሽ
ሃያት ከሥራ በኋላ ከምትኖርበት ከፍሪስኮ መጣች። ኬሚስት ናት። ገና ስታሸተው ገባት። ደብተሬ፣ እንደተረዳሁት ልጻፍልህ። ፊልሙ ሲበሰብስ አሲድ ያወጣል፣ ያው የአቼቶውን። አሲዱ ደግሞ መበስበሱን ያፋጥነዋል። ሶ፣ ሌላ አሲድ፣ የባሰ ፍጥነት። ለዓመታት ምንም ሳይመስል ይቆይና አንዴ ከጀመረ አይያዝም። ሙቀት ያባብሰዋል። የተዘጋ ሳጥንም እንደዚያው፤ አሲዱ መውጫ ያጣና ጤነኛውንም ይበክላል።
እናቴ ሰማች።
«እኔ ነኛ ያጠፋኋቸው?»
«ኖ፣ እማማ፣ ማለቴ... እርስዎ አታውቂም ነበር።»
ሌላ ጊዜ በሃያት አማርኛ ትስቃለች። ዛሬ አልሳቀችም። ራት ሳትበላ ተኛች።

ዓርብ፣ ጁላይ 11፣ ከጁምዓ መልስ
ሃያት ቀኑን ኦፍ ወስዳለች። ጠረጴዛው ላይ እየለየን ነው። ጤነኞቹ በወረቀት ፖስታ። የታመሙት ለብቻ። እናቴ አንዱን ወደ መስኮቱ ቀና አድርጋ አየችና ለሃያት ሰጠቻት።
ዘይነብ። በሁለት ዓመቷ በኩፍኝ የሞተችው ታላቅ እህቴ። ሌላ ፎቶ የላትም። ፊልሙ እንደ ደረቅ ቅጠል ተጠቅልሏል።
በስልክ ለማንሳት መዘርጋት አለበት። ሲዘረጋ ሊሰበር ይችላል። ቢቆይስ? አልኩ። ሃያት ራሷን ነቀነቀች፤ በየቀኑ ይብስበታል። ሁለታችንም ፈራን።
«ስጪኝ» አለች እናቴ።
በገዛ ጣቷ ዘረጋችው፣ ቀስ እያለች። ቀጭ አለ። አንድ ጠርዝ ሄደ፣ የዘይነብ ቀሚስም እኩሌታ። ሃያት የታብሌቱ ብርሃን ላይ አድርጋ ቶሎ አነሳችው። ስልኳ ላይ ጥቁሩን ወደ ነጭ ቀየረችው።
ዘይነብ ትስቃለች።
እናቴ አየቻት፣ አየቻት። ፎቶውን የተነሳች ቀን ስታለቅስ ነበር፣ አለች። አልነሳም ብላ እምቢ ብትላት እናቴ ለአባዬ ትታት ወጣች። ለካ እስክትስቅ ጠብቋታል።
የእሁድ ሺፍቴን ለሰው ሰጠሁ። የቀሩትን እናነሳለን፣ የተሰበረው ይሰበር። እናቴ እየጠራችኝ ነው፤ ሌላ መዘርጋት ጀምራለች።